የወንድሜ ኢቃማ

ዓረብኛ ማንበብ የተማርኩት በንዴት ነው። ሌላው ለጀነት ይማራል፣ ለእንጀራ ይማራል፤ እኔ የተማርኩት የገዛ አውራ ጣቴ ስላናደደኝ ነው።

ጂዳ ውስጥ በአንድ ቤት አራት ዓመት ሠርቼ ነበር። አንድ ቀን ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ሳራግፍ ከነምንጣፉ ወደቅሁ። ምንጣፉ ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን ከወገቤ በታች ሞትኩ። ሆስፒታል በተኛሁ በሦስተኛው ቀን ማዳሜ ወረቀትና ቀለም ይዛ መጣች። ለሕክምናው ነው አለችኝ። ጣቴን ያዝ አድርጋ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ጫነችው። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው ሲያነብልኝ፣ የወደቅሁት በራሴ ቸልተኝነት እንደሆነና ከማንም ምንም እንደማልጠይቅ ማመኔ ታወቀ። ሰውየው እያፈረ ነበር ያነበበልኝ። እኔ ደግሞ ለምን እንደሚያፍር አልገባኝም፤ ያመንኩት እኔ እንጂ እሱ አይደለም።

ማዳሜን የሚያውቋት ሁሉ ደግ ናት ይላሉ። እውነት ነው፤ ኢቃማዬን በባሏ ስም ሦስት ዓመት አሳድሳልኛለች። ያ መታወቂያ ባይኖረኝ ኖሮ በዚህ አገር የምኖረው እንደ አይጥ ተደብቄ ነበር። አንድ ስሙን ያልነገረኝ ሀብታም ደግሞ ዊልቸር ገዛልኝ። ሰው ሁሉ የድርሻውን ሰጠኝና ዕዳውን ጨረሰ።

ወንድሜ ሙሐመዲን ብቻ ነው ያልጨረሰው። እናታችን ከአገራችን ከሐርቡ «እህትህን ይዘህ ና» ብላ ላከችው። ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ ቆርጦ በአራተኛው ወር ደረሰ። ሲያየኝ አለቀሰ፤ እኔ ደግሞ ጫማው አልቆ ጣቱ ወጥቶ ሳየው አለቀስኩ። ይዞኝ ሊመለስ መጥቶ እሱም ቀረ። ኑዝላ የሚባል ሰፈር ውስጥ ምድር ቤት አንዲት ክፍል ተከራየን። አንዳንድ ቀን በመካ መንገድ ላይ ያለችው ባሕራ ከተማ ሄዶ ዕቃ ያራግፋል፣ አንዳንድ ቀን ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ብዙ ቀን ደግሞ ፖሊስ አለ ተብሎ ሳይሠራ ተደብቆ ይውላል። ኢቃማ አልነበረውም።

መማር እፈልጋለሁ ስለው አልሳቀብኝም። ሌላው ሁሉ ስቆብኛል። በግዳዲያ ሰፈር የምትኖር ቀለመወርቅ የምትባል ሴት አለች፤ ኻርቱም ተወልዳ ያደገች፣ ዓረብኛውን እንደ ውሃ የምትጠጣው፣ አንድ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነች። አርብና ሰኞ ከዓስር ሶላት በኋላ የቤት ሠራተኞችን ሳሎኗ ውስጥ ሰብስባ በነፃ ማንበብና መጻፍ ታስተምራለች። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ወንድሜ ሙሔ ዊልቸሩን ከታች ያስርና እኔን አዝሎ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ የተሸከመ ጀርባ ነው። ላቡ አገጬን ያርሰኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሲያወጣኝና ሲያወርደኝ አንድ ቀን ደከመኝ ብሎ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ሸሸገች እንዳልባል ነው።

በሁለተኛው ዓመት ቀለመወርቅ አንድ ወሬ ይዛ መጣች። አካል ጉዳተኞችን ስልክ ማንሳትና ኮምፒውተር ላይ መጻፍ የሚያስተምር ማዕከል ጂዳ ውስጥ አለ። የውጭ አገር ሰውም ይቀበላል፣ ኢቃማው የጸና ከሆነ። በዓመት አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚወስደው። የዓረብኛ ጽሑፍ ፈተና ያለፈውን ከፋላውን፣ የኢቃማውን ዋስትና ማለት ነው፣ ወደ ራሱ ያዞርለታል፤ ሲጨርስም ሥራ ያስገባዋል። ፈተናው እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። የእኔ ኢቃማ የሚያበቃው ከፈተናው አርባ ቀን በኋላ ነበር። ማዳሜ ደግሞ በስልክ ቁርጡን ነግራኛለች፤ ኻላስ፣ ከእንግዲህ አላሳድስም ብላለች። እንግዲህ ያቺ እሑድ ካመለጠችኝ የሚቀጥለው ዓመት ፈተና እኔን እዚህ አያገኘኝም። ወይ ወደ ሐርቡ ተመልሼ በእናቴ ደጃፍ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚ እቆጥራለሁ፣ ወይ ኑዝላ ክፍል ውስጥ ያለ ወረቀት እደበቃለሁ። ይህን ለሙሔ አሥር ጊዜ ነገርኩት። እሺ፣ እሺ ይላል።

ነገሩ የተበላሸው በደግ ሐሳብ ነው። ፈተናው አምስት ወር ሲቀረው ሙሔ መካ ወስጄ ዑምራ ላስደርግሽ አለኝ። ፉአድ የሚባል የመናዊ በራሱ መኪና ሰው ያመላልሳል፤ እሱን ለምነን አርብ ጠዋት ተነሣን። ፉአድ ወንድሜን መጫን ፈርቶ ነበር። መካ ከመድረሱ በፊት ኬላ አለ፤ ኢቃማ የሌለው ሰው እዚያ ላይ ያልቅለታል። ፖሊሱ መኪናውን አስቁሞ አንገቱን በመስኮት አስገባ። የእኔን ኢቃማ አየ፣ የታጠፈውን ዊልቸር አየ፣ የማይንቀሳቀሰውን እግሬን አየ። ሙሔ ወረቀቱን ሲጠየቅ ደርቆ ቀረና እህቴ ናት፣ ዓጂዛ ናት፣ ምንም አትችልም፣ ያለ እኔ ሰው የላትም አለው። ፖሊሱ ወጣት ነበር። ፊቱ ተለወጠ። አላህ ያሽራት አለና እጁን አወዛወዘ።

ፉአድ ነዳጁን ረግጦ ኬላውን ከኋላችን ጣለው። ከዚያ ሙሔ መሣቅ ጀመረ፤ ፉአድም ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ወንድሜ ኢቃማ ያገኘው ያን ቀን ነው። ኢቃማው እኔ ነበርኩ።

መካ ውስጥ መራመድ የማይችሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብዙ ናቸው። ዊልቸር የሚገፉ ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች አሉ፤ ፈቃድ የሌላቸው ደግሞ ከመስጊዱ ግቢ ውጭ፣ በሆቴሎቹ ዙሪያ እየተሽሎከለኩ ሰው ይገፋሉ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ክንድና ዊልቸር ነው። ሙሔ ክንድ ነበረው። እና በሚቀጥለው አርብ እንሂድ አለኝ። በዚያኛውም አርብ።

እኔን ከአንድ ሆቴል ግድግዳ ሥር ካርቶን አንጥፎ ያስቀምጠኛል። ውሃና ተምር አጠገቤ ያደርጋል፣ ጥላው ሲዞር መጥቶ ያዞረኛል፤ በዚህ ነገር ጥንቃቄው የሚገርም ነበር። ከዚያ በዊልቸሬ የሰው እናት እየገፋ ይሄዳል። እኔ ደብተሬን ዘርግቼ አጠናለሁ። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ደብተሩ ላይ አንድ ሪያል ይወድቃል። ቀና ስል ሰውየው ዱዓ እያደረገልኝ አልፎ ሄዷል። መጀመሪያ ጊዜ እያነበብኩ ነው፣ አልለምንም ብዬ ጮህኩ። የጮህኩባት ሴትዮ አዘነችልኝና አምስት ጨመረችልኝ። በኋላ ዝም አልኩ። ብሩን እየጠረግሁ ከሥሩ ያለውን ቃል አነባለሁ።

ሙሔ ደግሞ አስተማሪ ሆነ። ኬላው ላይ ስንደርስ አንገትሽን ትንሽ ዘንበል አድርጊው፣ ዓይንሽን አታሯሩጪ፣ ሲያናግሩሽ ቶሎ አትመልሺ አለኝ። ስታዪ ነቃ ያልሽ ትመስያለሽ፣ እሱ ጥሩ አይደለም አለኝ። አደረግሁት። ወላሂ ጎበዝ ነበርኩ። አንዱ ፖሊስ እንባው መጥቶበት የቀዘቀዘ ውሃ ሰጥቶኛል። ከዚያ ኬላ ባለፍን ቁጥር ግን አንገቴ ወደ ቦታው ለመመለስ ትንሽ ትንሽ ጊዜ ይፈጅበት ጀመር። በመጨረሻዎቹ አርቦች ባሕራን አልፈን እንኳ እንደዘነበልኩ ነበርኩ።

ቀለመወርቅ አርብ አርብ የት እንደምጠፋ ጠየቀችኝ። ዑምራ አልኳት። ስምንት ጊዜ ዑምራ፣ በሁለት ወር፣ ፈተና እየደረሰ፣ ያውም እኔ። አላመነችኝም፤ ግን ሃይማኖት ነውና ምን ትበል። በመልመጃው የማገኘው ነጥብ ሲወርድ ብቻ ቀዩን እስኪሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጋ ወጣች።

ያን ቀን ሙሔን አፋጠጥኩት። ከእንግዲህ አልሄድም አልኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር።

«ፈርዬ፣ እኔ ላንቺ እግር ሆንኩልሽ» አለኝ። «አንቺ ለእኔ ኢቃማ ብትሆኚልኝ ምን አለበት?»

ደረጃው ነው የታየኝ። ላቡ ነው የታየኝ። ሰኞ ሰኞ ብቻ ተማርኩ፤ የቀረውን ካርቶን ላይ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቅዳሜ እንሂድ ሲለኝ ግን እምቢ አልኩ። አንድ የኢንዶኔዥያ ቤተሰብ ሁለት አሮጊቶች ይዞ ይጠብቀኛል፣ ቃል ገብቻለሁ፣ የዙሁር ሶላት ሳይደርስ እንመለሳለን፣ ማታውን ታጠኛለሽ፣ ነገ ራሴ አዝዬ ማዕከሉ በር ላይ አስቀምጥሻለሁ አለኝ። ይህን ሁሉ ሲናገር ዊልቸሩን እያጠፈ ነበር። ያለ ዊልቸሩ እኔ አልጋ ላይ ነው የምውለው፤ ከእሱ ጋር ባልሄድ ውሃ የሚያቀብለኝ የለም። እናም ሄድኩ። አንገቴን ዘንበል አድርጌ ኬላውን አለፍን።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ጠባቂዎች ሙሔን በመሐል አድርገው፣ አንዲት ሴት ጠባቂ ደግሞ ባዶ ዊልቸሬን እየገፋች ወደ እኔ መጡ። ከሩቅ በጣቱ እኔን እያሳያቸው ነበር። ዊልቸሩ ላይ አነሡኝና ሁላችንንም አንዲት ጠባብ ቢሮ አስገቡን።

ኃላፊው ጢሙን ሂና የተቀባ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሽማግሌ ነበር። ሻይ አስመጣልኝ። ሙሔ ቆሞ ያወራል፤ በሁለት ዓመት የለቀመው ዓረብኛ ሁሉ ያን ቀን ወጣ። እህቴ ናት፣ ዓጂዛ ናት፣ አትራመድም፣ አታነብም፣ አትጽፍም፣ አፏ እንኳ በደንብ አይፈታም፣ የምገፋው ለእሷ መድኃኒት ነው፣ እኔን ካሰራችሁ እሷ ትሞታለች። እኔ አንገቴን አዘንብዬ እሰማለሁ። ልማድ ሆኖብኛል።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ሕጉ እስር እንደሆነ፣ ያለ ፈቃድ መግፋቱም ያለ ኢቃማ መገኘቱም ተደምሮ ወራት እንደሚያስቀጣ፣ ከዚያም ወደ አገሩ እንደሚባረር ነገረው። ግን እንዲህ ያለችን ሴት ሜዳ ላይ ጥሎ ወንድሟን ማሰር ከአላህ ጋር ያጣላል አለ። ወረቀት አወጣና ራሱ ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋ አደረገውና በስማ አለኝ። አሻራ ማለቱ ነው። ለምን እንደምፈርም አልነገረኝም፤ ለማን ብሎ ይንገር።

ወረቀቱ እፊቴ ነበር። አነበብኩት።

«ከዚህ በታች አሻራዬን ያሳረፍኩት እኔ፣ ማንበብና መጻፍ የማልችል፣ ራሴን መርዳት የማልችል ዓጂዛ ስሆን፣ ከወንድሜ በቀር የሚያስተዳድረኝ የለም። ኢቃማዬ ተሰርዞ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከእሱ ጋር በመጨረሻ መውጫ ቪዛ ወደ አገሬ ለመመለስ ተስማምቻለሁ።» እጅ ጽሑፉ ያምራል። አንድም ቃል አልከበደኝም። ስለ እኔ የተጻፈ ነገር ያለ ማንም እርዳታ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስታው ሳይቀር መጥቶብኝ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝና።

ሙሔ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ አናገረኝ። «አሻራሽን አድርጊና እንውጣ።»

«ኢቃማዬን ይሰርዙታል» አልኩት። «ተጽፏል። ነገ ያለ ኢቃማ አያስፈትኑኝም።»

«ወረቀት ነው ፈርዬ። ከዚህ እንውጣ እንጂ ማን ይሄዳል? እኔ ይኸው ስንት ጊዜ ያለ ኢቃማ እኖር የለ?»

ቅን ሆኖ ነው የሚለኝ። ለእሱ ወረቀት ማለት ሲመጣ የሚሸሹት ነገር ነው። በአጥር ዘሎ፣ በጣሪያ ተንጠላጥሎ፣ በጓሮ ወጥቶ ነው የኖረው፤ ሌላውም ሰው እንዲሁ የሚኖር ይመስለዋል።

«ሙሔ፣ እኔ መሮጥ አልችልም» አልኩት።

አልገባውም። ፊቱ ላይ አየሁት፣ አልገባውም። ሽማግሌው ቀለሙን አንድ ጣት ያህል ወደ እኔ አስጠጋው።

ብዙ አሰብኩ ብል ውሸት ነው። አንገቴን አቀናሁ። በትምህርት ዓረብኛ፣ ቀለመወርቅ እንዳስተማረችኝ አድርጌ፣ ማንበብ እችላለሁ፣ የተጻፈው ልክ አይደለም፣ እስኪሪብቶ ይስጡኝ አልኩት። ሻይ የያዘችው ሴት ጠባቂ ወደ እኔ ዞረች። ሽማግሌው እስኪሪብቶውን ሰጠኝ። ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት መስመር ጻፍኩ፦ እኔ ፈሪዳ አንብቤዋለሁ፤ አልተስማማሁም። ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኼ ነው፣ ትንሽ ሊንቀጠቀጥ ይገባ ነበር።

ሽማግሌው ሁለቱን መስመር አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። የተከፋ ይመስል ነበር፣ እንደተታለለ ሰው። «ያለ እሱ መኖር ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እችላለሁ» አልኩት።

ሙሔ ይህን በዓረብኛ ሰምቶ ተረዳው። ያለ እኔ ማን አዝሎ እንደሚያወጣት ጠይቃት አለው ሽማግሌውን። ሽማግሌው ጠየቀኝ። የሚያወጡኝ ሰዎች አሉ አልኩ። አልነበሩም። በዚህች ከተማ እኔን አዝሎ የሚያወጣ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ይኸው እፊቴ ቆሞ ነበር። ኻላስ አለ ሽማግሌው። ወረቀቱን ቀደደውና ሌላ አወጣ፤ የእኔ ስም የሌለበትን።

ሲወስዱት አልሰደበኝም። ትራሱ ተንሸራቷል፣ አስተካክሉላት አላቸው። ሴት ጠባቂዋ አስተካከለችልኝ።

ፉአድ ጂዳ በግዳዲያ አድርሶኝ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ቀለመወርቅ ጎረቤቶቿን ጠርታ በወንበር አድርገው አወጡኝ፤ ሁለት ጊዜ አሳርፈው፣ ደረጃው ላይ እየተጨቃጨቁ። ምን እንደሆነ ስነግራት አላቀፈችኝም፣ አልወቀሰችኝም። ብይ አለችኝ፤ ከበላሁ በኋላ ስህተት የሚበዛብኝን ገጽ ከፍታ አስቀመጠችልኝ። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፈተናው ላይ ተቀመጥኩ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባተኛ ወጣሁ።

ዛሬ በአንድ ክሊኒክ ስልክ አነሣለሁ፤ ቀጠሮ እሰጣለሁ። የሚደውሉት ሰዎች እግር እንደሌለኝ አያውቁም፤ አንዳንዶቹ እንደውም በዓረብኛዬ አገሬን መገመት ያቅታቸዋል። የምኖርበት ክፍል መግቢያው መወጣጫ አለው። ቁልፉ የእኔ ነው። የጠየቅሁትን ሁሉ አግኝቻለሁና ማማረር አይገባኝም፤ ግን አማርራለሁ።

ሙሔ ሰባት ወር ታስሮ ወደ ሐርቡ ተመለሰ። እናቴ በመጣ በሳምንቱ ከጎረቤት ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ነበር። እውነት ነው ወይ አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። ባይሆን ደስ ይላት ነበር፤ ውሸት ነው እንድላት ትንሽ ጊዜም ሰጠችኝ።

«እሱ አዝሎ አስተማረሽ» አለችኝ፤ «አንቺ ጽፈሽ አሳሰርሽው።»

መልስ ነበረኝ። ስለ ኢቃማው፣ ስለ አርባው ቀን፣ መሮጥ ስለማልችል። ሐርቡ ላለች እናት ይህን በምን ቃል እንደሚሉት ግን አላውቅም፤ በዓረብኛ ቢሆን እችል ነበር። አዎ፣ እማዬ አልኳት። ዘጋችው።

በኋላ ስልክ ገዝቼ ላክሁላት። የደዋዩን ስም ማንበብ ስለማትችል ሙሔ ነው የሚያነሣላት። በወር አንድ ጊዜ፣ አርብ ከሰዓት፣ እደውላለሁ። ያነሣዋል። ፈሪዳ ነኝ እለዋለሁ። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከኋላው እናቴ ማነው ስትለው እሰማታለሁ።

«በስህተት ነው» ይላታል፤ ይዘጋዋል።